የመጀመሪያው ዘይት መቼ ይቀየር? የአንዲት አዲስ ባጃጅ ጉዳይ ከቱሉ ዲምቱ

ጉዳዩ በአጭሩ ይህ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መካከል ሰው የምታመላልስ አዲስ ባጃጅ ከሻጩ በወጣች በአሥራ ስድስተኛ ቀኗ ወደ ጋራዣችን መጣች። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ 1,870 ያነብባል። ሞተሯ ውስጥ ያለው ዘይት ፋብሪካው የሞላው ነው፤ አልተቀየረም፣ መጠኑንም ለክቶ ያየ የለም። አብሯት የተሰጠው መጽሐፍ ግን የመጀመሪያው ሰርቪስ ከ500 እስከ 750 ኪሎሜትር ወይም ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ይደረግ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠር ይላል። በቀን ከተቆጠረ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት። በኪሎሜትር ከተቆጠረ ደግሞ ቀጠሮዋን ከሺህ ኪሎሜትር በላይ አልፋለች።

ይህን አንድ ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ አካባቢ አዲስ ተሽከርካሪ የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ስለያዘ ነው። የመጀመሪያው ዘይት መቼ ይቀየር? ሻጩ አንድ ነገር ይላል፣ ዘይት ቤቱ ሌላ፣ የሠፈር ሾፌር ደግሞ ሌላ። መልሱ ከሁለት ነገር ነው የሚወጣው፤ ሞተሩ እንዴት እንደተሠራና ተሽከርካሪው በቀን ምን ያህል እንደሚሠራ። እነዚህን ሳይጠይቁ «ከወር በኋላ» ወይም «5,000 ሲሞላ» ብሎ መምከር በሰው ንብረት መቀለድ ነው።

ባለቤቷና ሾፌሩ

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከእቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር በወሰዱት ላይ ጨምረው ነው የገዟት። የሚነዳት የእህታቸው ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ሥራ የሚወድ ልጅ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይወጣል፤ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ይገባል። በቀን 120 ኪሎሜትር ገደማ ይሠራል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው አስፋልትና ኮብል ነው፤ ቀሪው ገና ያልተነጠፈ ፒስታ። ወሩ የካቲት ነበር። ኮዬ ፈጬን የሚያውቅ ሰው የበጋውን አቧራ አይረሳውም፤ ክረምት ላይ ጎማ የሚውጠው ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ፣ በገልባጭ መኪና ተፈጭቶ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ይውላል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። በቀን 120 ኪሎሜትር የምትሠራ ባጃጅ 500 ኪሎሜትርን በአምስተኛው ቀን፣ 750ን በሰባተኛው ቀን ታልፋለች። ወር ሙሉ ብትጠብቅ 3,600 ትደርሳለች። መጽሐፉ ላይ ያለው የቀን ገደብ የሚጠቅመው ጥቂት ለሚነዳ ሰው ነው። ለታክሲ ሥራ ምንጊዜም ቀድሞ የሚደርሰው ኪሎሜትሩ ነው፤ ያውም ሳምንት ሳይሞላ።

ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ «ከወር በኋላ ለሰርቪስ ትመለሳለች» ብሎ ነው የሸኛቸው። መምህርቷም ቀኑን ግድግዳቸው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ከበውታል። ቸልተኛ ሰው አይደሉም። የተነገራቸውን እንደተነገራቸው ፈጽመዋል፤ የተነገራቸው ግን የትእዛዙ ግማሽ ነው፣ ያውም ለእሳቸው ሥራ የማይሆነው ግማሽ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፍ ከነፕላስቲኩ ከመቀመጫው ሥር ተቀምጦ ነበር።

ሌላም እንቅፋት አለ። የሻጩ የሰርቪስ ቦታ መሀል ከተማ ነው። ባጃጅ ደግሞ ከተመደበላት ቀጠና ወጥታ፣ ዋናውን አስፋልት ይዛ ከተማ መግባት አትችልም። በጭነት መኪና ተጭና ልትሄድ ነው ማለት ነው። ለአንድ ዘይት ቅያሪ ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። በከተማው ዳርቻ የመጀመሪያው ሰርቪስ የሚዘለለው ሰው ለንብረቱ ስለማይጨነቅ አይደለም፤ መንገዱ ስለሚዘጋበት ነው። ይህን የምለው ባለንብረቱን «ለምን ቀድመህ አላመጣህም» ብሎ መቆጣት በየጋራዡ ስለተለመደ ነው።

በመጣች ቀን

ልጁ የመጣው ዘይት ሊያስቀይር አልነበረም።

«ጋሼ፣ ማርሽ አልገባ እያለኝ ነው» አለኝ። «አንደኛ ሳስገባ ይጮኻል። ከሰዓት በኋላ ሲግል ደግሞ ጭራሽ ኒውትራል አላገኝም።»

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ ሁሉንም በዘይት ማሳበብ ቀላል ነው። እኛ አንድ በአንድ ለየነው። መጀመሪያ ያየነው ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚለየውን የፍሪሲዮኑን ካቦ ነው። አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይለጠጣል፤ ያኔ እጀታው እስከ መጨረሻው ቢሳብም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሹም ሲገባ ይፋጫል። የዚህችም ካቦ ላልቶ ነበር። አስተካከልነውና ልጁ አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰ። ጩኸቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ሞተሩ ሲግል ኒውትራል የማጣቱ ነገርም እንዳለ ነው። ስለዚህ ካቦው አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

ቀጥለን ባጃጇን ሜዳ ላይ አቆምናት፤ ሞተሩን አጥፍተን ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ጠበቅንና ለካን። ከታችኛው ምልክት በታች ነው። የሚያፈስስበት ቦታ ፈለግን፤ ሥሯ ደረቅ ነው። አዲስ ሞተር ላይ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። የፒስተኑ ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ጋር እስኪስማሙ ድረስ ጥቂት ዘይት በጎናቸው ሾልኮ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የሚያስደነግጠው «አዲስ ነው፣ ዘይት አይበላም» የሚለው እምነት ነው። ዘይት በየማለዳው መለካት ያለበት ከሌላ ጊዜ ሁሉ ይበልጥ በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ሰው ግን መለኪያውን ማውጣት የሚጀምረው ሞተሩ ካረጀ በኋላ ነው።

ሦስት ምክር

ዘይቱን ከመንካታችን በፊት ለመምህርቷ ደወልን። ዋስትና ላይ ያለች ተሽከርካሪ በውጭ ጋራዥ ስትነካ ባለንብረቱ ሊያውቅ ይገባል። ከባለቤታቸው ወንድም ጋር መጡ፤ ዘመናቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ አዛውንት ናቸው።

«እትዬ፣ ይህ ዘይት ዛሬውኑ መቀየር አለበት» አልኳቸው።

አዛውንቱ ቀደሙኝ። «የፋብሪካ ዘይት እኮ ዝም ብሎ አይደፋም። ሞተሩን የሚያሟሸው እሱ ነው። እኛ ኤንትሬ የጭነት መኪና ስንነዳ 5,000 ሳይሞላ ዘይት የሚነካ አልነበረም።»

በልጁ በኩል ሌላ ምክር አለ። ተራ ላይ ያሉ ጓደኞቹ ዘይቱን ደፍቶ፣ ላምባ ሞልቶ፣ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ በማጠብ ከዚያ በኋላ አዲስ ዘይት እንዲያስገባ መክረውታል። ጉዞ ላይ የገባበት አንድ ዘይት ቤት ደግሞ ለቤት መኪና የተሠራ 5 ደብልዩ 30 ሲንተቲክ (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ይነግራል) አውጥቶ «ከዚህ የተሻለ የለም» ብሎታል። ዋጋውም የተሻለ ያስመስለዋል።

የአዛውንቱን ቃል አክብጄ ነው የሰማሁት፤ ከባዶ የተነሣ አይደለምና። የጭነት መኪና የሞተር ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፣ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ዘይቱ በሚጠራቀምበት ኮፓ ውስጥ ያለውም ብዙ ሊትር ነው። ለዚያ መኪና ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ግን በአሠራሯ ከኤንትሬ ይልቅ ለሞተር ሳይክል ትቀርባለች።

ለምን በ500?

አዲስ ሲሊንደር ውስጡ ልሙጥ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ እርስ በርስ የተጠላለፉ ረቂቅ መስመሮች ያወጣበታል። መስመሮቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፎቻቸው ደግሞ ፋሻውን ይሞርዱታል። ሞተሩ መሥራት ሲጀምር ፋሻና ሲሊንደር፣ ጥርስና ጥርስ እርስ በርስ ይተራረማሉ። የሚፋቀው ብረት የትም አይሄድም፤ ዘይቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። መፋቁ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ቶሎ ይቀንሳል። ሲገጣጠም የተቀባው ቅባት፣ የማሸጊያው ማስቲሽ ትርፍራፊና ከብረት ቀረጻው የተረፈ ብናኝም በዚያው ዘይት ይታጠባሉ። የመጀመሪያው ዘይት ሥራው ይህን ሁሉ መሰብሰብ ነው። ከሰበሰበ በኋላ እንደገና በየኩሽኔታው እንዲያዞረው ማድረግ ትርጉም የለውም። የዘይት ማጣሪያውም ሁሉን አይዝም፤ በጣም ረቂቁ ብናኝ አልፎ ይዞራል።

ይህ ለማንኛውም ሞተር እውነት ነው። ባጃጅን የሚለያት ሞተሩ፣ ማርሹና በዘይት ውስጥ የሚሠራው ፍሪሲዮን አንድ ዘይት መጋራታቸው ነው። ከሲሊንደሩ በተፋቀው ላይ የማርሽ ጥርስ ብረትና የፍሪሲዮን ሸራ ብናኝ ይጨመራል። የማርሽ ጥርሶች በዚያ ላይ ዘይቱን ራሱን ይቆራርጡታል፤ 20 ደብልዩ 50 ሆኖ የገባው ሲግል ውፍረቱን መያዝ እያቃተው ይሄዳል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነም ቶሎ ይቆሽሻል። የዚህች ዓይነቷ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ አካባቢ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ያንን ለማካካስ ጋዙን አብዝቶ ይከፍታል፤ ከኋላ ሦስት ሰው፣ አንዳንዴም አራተኛ ከነእህል ጆንያው ተጭኗል። ዘይቱ መሥራት ከሚገባው በላይ ይሠራል። ከ500 እስከ 750 የሚለው ቁጥር ለእንዲህ ያለ ሞተር የወጣ ነው።

«ታዲያ ዘይቱን ከደፋችሁት በምን ልትሟሽ ነው?» አሉኝ አዛውንቱ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

«በአነዳዱ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ፋሻ ቦታውን የሚይዘው የሲሊንደሩ ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል ነው። በሮዳጅ፣ ማለትም አዲስ ሞተር በሚሟሽበት ጊዜ፣ ጋዙን እስከ ጥግ አለመክፈት፣ በአንድ ፍጥነት ረጅም ሰዓት አለመንዳት፣ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተች አለማስጨነቅ፣ ቆማ ለረጅም ጊዜ እንድትሠራ አለመተው፣ ጭነት አለማብዛት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘይትም ቢሆን ፋሻው እንዳይቀመጥ አያግደውም። ቀሪው መተራረም በንጹሕ ዘይት ውስጥ ይቀጥላል።

የተደረገው

ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፈሰስነው። ሲሞቅ ብናኙ ተንሳፍፎ አብሮ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሥር ላይ ይቀራል። የተቀበልነው በነጭ ፕላስቲክ ሳፋ ነው። ቀለሙ ጥቁር አልነበረም፤ ግራጫ ነው። ሳፋውን ፀሐይ ላይ ዘንበል ስናደርገው የብር መልክ ያለው ብልጭልጭታ እየተጥመዘመዘ በዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልለን ሳፋው ውስጥ አዞርነው። ሲወጣ ዙሪያውን ወፍራም ግራጫ ጭቃ ለብሷል። ፌስታሉን ከማግኔቱ ላይ ገፈን ጭቃውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሸነው።

ይህ ማሸት ነው ዋናው ምርመራ። ጭቃው ለስላሳ ሆኖ እንደ ኩል ጣት ላይ ከተቀባ ሮዳጅ የፋቀው ብረት ነው፤ በዘይት ቅያሪ ያልቃል። ጥፍር የሚይዘው ስንጣሪ ወይም ቅርፊት ከተገኘበት ግን ውስጥ የተሰበረ ነገር አለና ዘይት ቀይሮ መሸኘት አይገባም፤ ሞተሩ መከፈት አለበት። የዚህችኛዋ ለስላሳ ነበር። ማግኔት አልሙኒየም ስለማያነሣ ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አንጠባጥበንም አየን፤ ዘይቱ ዙሪያውን ሲሰራጭ መሀል ላይ የቀረው ረቂቅ ግራጫ ነጥብ ብቻ ነው፣ ቅርፊት የለውም።

አዛውንቱ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ማግኔቱን ተቀብለው ራሳቸው አዞሩት። «ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው እንዴ የምትዞረው?» አሉና ወደ ልጁ ዞሩ። «ቀይርላት፣ ቀይርላት።» ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሰውን በቃል ለማሳመን ከመድከም ሳፋውን ማሳየት እንደሚሻል በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ዘይት ስትቀይሩ ባለንብረቱ አጠገባችሁ ይቁም እላለሁ።

ላምባውን አልተጠቀምንም። ላምባ ቅባት አይደለም፤ ሞተር በላምባ ሲዞር በብረትና በብረት መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይታጠባል። ተደፍቶም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በየጥጉ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ለማጠብ የታሰበው ነገር አዲስ ኩሽኔታን ያቆስላል። ማጠብ ካስፈለገ ንጹሕ ዘይት ራሱ ያጥባል፤ ለዚህም ነው ሁለተኛውን ቅያሪ ከመጽሐፉ ቀጠሮ ቀድመን ያደረግነው።

የመኪናውን 5 ደብልዩ 30ም አልተቀበልንም። ጥራት ስለሌለው አይደለም። ብዙዎቹ የአሁን የቤት መኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ የማንሸራተቻ ቅመም አለባቸው፤ ያ ቅመም በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንን ያንሸራትታል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጇ አትሄድም፤ ከዚያ «ፍሪሲዮኗ በአጭር ጊዜ አለቀ» ይባላል። የሞላነው መጽሐፉ ያዘዘውን ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል የተሠራ 20 ደብልዩ 50 ነው፤ ጀርባው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት አለው። ምልክቱ ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ክዳኑ ያልተነካ ሙሉ ጠርሙስ ነው የገዛነው። ከበርሜል እየቀዱ ወይም በተከፈተ ጄሪካን የሚሸጥ ዘይት፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ አዲስ ሞተር ውስጥ ማስገባት የለብንም።

የማፍሰሻው ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ ታሰረ፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ዘይቱን መጽሐፉ በሚለው መጠን ሞላን፣ አስነሣን፣ አጠፋን፣ እንደገና ለካን። የአየር ፊልትሮውን ስንከፍት በአቧራ ታፍኗል። ይህ ከዘይቱ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በፊልትሮው ጎን የገባ የአፈር ብናኝ ከብረት ይበልጥ ይጠነክራልና ፋሻ ይበላል፣ መጨረሻውም ዘይት ውስጥ ነው። ለከተማው ዳርቻ ፒስታ የአየር ፊልትሮን እንደ ከተማ መኪና መጠበቅ አይቻልም፤ በበጋ በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ባጃጇ ጋራዥ አደረች። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የመጀመሪያው ሰርቪስ አካልም ነው። ጠዋት ለክተን አስተካከልንና ወጣች። አሮጌውን ዘይት አናጢዎች ለፎርም እንጨት ይወስዱታል። ቦይ ውስጥ መድፋት በየትም ቦታ ነውር ነው፤ እዚህ ደግሞ ይብሳል፣ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ የተወሰነው የሚመጣው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነውና።

ከዚያ በኋላ

ከቅያሪው በኋላ ማርሹ ሲግልም ይገባል፣ ኒውትራልም ይገኛል። ይህን ሁሉ ያመጣው አዲሱ ዘይት ነው ማለት ግን አይቻልም። ካቦው ተስተካክሏል፣ የጎደለው ዘይት ሞልቷል፣ የቆሸሸው ተቀይሯል፤ ሦስቱ አብረው ነው የሠሩት።

ለሁለተኛው ቅያሪ መጽሐፉ ከሚለው አሳጥረን ሌላ 1,000 ኪሎሜትር ሰጠናት። የመጀመሪያው ስለዘገየ በየጥጉ የተረፈ ብናኝ አለ፤ ሁለተኛው ዘይት እሱን ለቅሞ እንዲወጣ ነው። ቆጣሪው 2,900 አካባቢ ሲደርስ መጣች። ያው ሳፋ፣ ያው ማግኔት። ማግኔቱ ላይ የያዘው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ የብር ብልጭታው ጠፍቷል። ዘይቱ የጠቆረ ቢሆንም ጥቁረቱ የማቃጠል ጥቁረት ነው፣ ጤነኛ ነው። መጠኑ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር፤ ይህም ፋሻዎቹ መቀመጥ መጀመራቸውን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ በመጽሐፉ ኪሎሜትር ነው የምትሄደው።

የቤት ሥራው የተሰጠው ለመምህርቷ ነው። የተማሪ ደብተር ገዝተው ልጁ ማታ ሲገባ ቆጣሪውን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱ ይለካል።

የዋስትናው ጉዳይ በጎ አላለቀም። ሻጩ በስልክ «እዚያው አሠሩ፣ ደረሰኝ ያዙ» ብሎ ነበር። የዘይቱን ዓይነት፣ መጠንና ኪሎሜትሩን የያዘ ደረሰኝ ሰጠናቸው። በኋላ ሲጠየቅ ግን የዋስትና ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ሰርቪስ ሳጥን ሳይታተም ቀረ። እንዲህ ያለ ፈቃድ በስልክ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ቢያንስ በጽሑፍ መልእክት ይላክ። ከሁሉም በላይ ግን ሻጮች ቁልፍ ሲያስረክቡ ቁጥሩን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞም ጽፈው መሪው ላይ ቢለጥፉ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወጪው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

መምህርቷ «ልጄ፣ ተጎድታ ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። ከአንድ ሞተር ተነሥቼ ዕድሜዋ በዚህ ያህል አጠረ አልልም። ነገሩን በወጪ እናስበው አልኳቸው። አንድ ዘይት ቅያሪ ልጁ በቀን ከሚያስገባላቸው ገቢ ያነሰ ነው። ፋሻ መቀየር ግን ሞተር ማውረድ ነው፤ ዕቃው፣ የእጅ ዋጋው፣ ባጃጇ የምትቆምባቸው ቀናት፣ የማይቆም የብድር ወለድ አለበት።

ያው ጥያቄ ለቤት መኪና

የመምህርቷ ጎረቤት የደብተሩን ነገር ሰምቶ መጣ። አዲስ ትንሽ የቤት መኪና አለው፤ በአራት ወር የነዳት 1,400 ኪሎሜትር ብቻ ነው። የባጃጇን ታሪክ ሲሰማ ደንግጦ ዛሬውኑ ዘይት ቀይሩልኝ አለ። አልቀየርንለትም።

የዛሬ የቤት መኪና ሞተር ዘይት ከካምቢዮው ጋር አይገናኝም፤ መጠኑ ከባጃጅ በብዙ ይበልጣል፤ የብረቱ አጨራረስም የረቀቀ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች የመጀመሪያውን ዘይት በመደበኛው ቀጠሮ መቀየርን ያዛሉ። ሆንዳ እንዲያውም የፋብሪካው ዘይት ከቀጠሮው በፊት እንዳይደፋ ይመክራል። እዚህ ላይ የአዛውንቱ ቃል ልክ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ መጽሐፎች ለተራ አጠቃቀም 10,000 ኪሎሜትር ይላሉ። ሆኖም ከዚያው ገጽ ላይ «አስቸጋሪ ሁኔታ» የሚል ሌላ ዓምድ አለ፤ አቧራማ መንገድ፣ አጫጭር ጉዞ፣ ረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራት። ለዚያ ብዙ ጊዜ ግማሹ፣ 5,000 ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የሚኖር ሰው ማንበብ ያለበት ይህን ዓምድ ነው።

ለእሱ ደግሞ ከባጃጇ በተቃራኒ ቀድሞ የሚደርሰው ወሩ ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና ዘይቱ ውስጥ እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ያጠራቅማል፤ ኪሎሜትሩ ሳይሞላ ዘይቱ ያረጃል። የእሱ መጽሐፍ በዚያ ዓምድ 6 ወር ይላል። ስለዚህ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ መለኪያውን በየሳምንቱ አውጥቶ እንዲያይ አሳየነው፤ የት እንዳለ አያውቅም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁን የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎችም አሉ። የሞተር ዘይት የላቸውም፤ የማርሽ ሳጥናቸው ግን የራሱ ዘይትና የራሱ ቀጠሮ አለው፣ መጽሐፉ ላይ ይታይ።

ከመምህርቷ የእቁብ ጓደኞች አንዷ በመጋቢት ያንኑ ዓይነት ባጃጅ ገዝተው ከሻጩ በወጣች ማግስት ደወሉልን። ቀጠሮ የያዝነው በቀን ሳይሆን በቆጣሪ ነው። 540 ላይ መጣች። ማግኔቱ ላይ ያንኑ ግራጫ ጭቃ አገኘን፤ ዘይቱ ግን ገና ከምልክቶቹ መካከል ነው፣ የአየር ፊልትሮውም አልታፈነም። ማታ አስገብተናት፣ ጠዋት ቫልቯን ለክተን ከሦስት ሰዓት በፊት ሥራ ገባች። የፍሪሲዮን ካቦዋ ግን እንደዚያችው ላልቶ ነበር፤ አጠበቅነው።